የውጭ እንግዶች ይዤ ፊስቱላ ሆስፒታልና ሴቶች ማኅበር ልሄድ ነው፤ ምን ልጠንቀቅ?

የአራት ኪሎዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

የአክስቴ ልጅ ሜልቦርን ከሄደች 19 ዓመቷ ነው። እዚያ ቤተ ክርስቲያኗ ያሉ አውስትራሊያውያን ሴቶች ለአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል፣ በምጥ ተጎድተው ሽንት የሚያመልጣቸው ሴቶች ለሚታከሙበት፣ ገንዘብ ያሰባስባሉ። ኬክ ጋግረው ይሸጣሉ። ሹራብም ይሠራሉ። አራት ማዕዘን ቁራጭ እየሠሩ፣ ቁራጩን እየገጣጠሙ ብርድ ልብስ አድርገው ለታካሚዎቹ ይልካሉ። አብዛኞቹ ጡረተኞች ናቸው። ዘንድሮ ሰባቱ ከጥምቀት በኋላ ሊመጡ ትኬት ቆርጠዋል። "የላክነው የት እንደደረሰ በዓይናችን እንይ" ብለው ነው።

አስተርጓሚያቸው እኔ ነኝ። ክፍያ የለውም፤ ለአክስቴ ልጅ ብዬ ነው። ድሮ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ስለነበርኩ እንግሊዝኛው አያስቸግረኝም። አሁን አራት ኪሎ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ካሸር ነኝ።

የላከችልኝ ፕሮግራም እንዲህ ነው። ሰኞ ጠዋት ሆስፒታሉ። ሰኞ ከሰዓት ደግሞ ባል ደብድቧቸው ወይም ተደፍረው የመጡ ሴቶች የሚጠለሉበት ቤት። ማክሰኞ ሽሮ ሜዳ፣ ሴት ሸማኔዎች ጋ። ከዚያ ሐዋሳ ሄደው ያርፋሉ።

ፕሮግራሙን ሳነበው ውስጤ ተረበሸ። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

የዛሬ አራት ዓመት የመጀመሪያ ልጄን ወለድኩ። የት እንደሆነ ስሙን አልጠራም። ስምንት አልጋ ያለው ክፍል ነበር። በማግስቱ ጠዋት፣ ሻዬን እንኳ ሳልጨርስ፣ በሩ ተከፈተና ስድስት ፈረንጆች ገቡ። ከፊታቸው አንገቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለ የእኛ ሰው አለ። እኔ ጡቴን አውጥቼ ላጠባ እየታገልኩ ነው። ወተቱ ገና አልመጣም፤ ልጁ ይጮኻል። በቀኝ እጄ እሱን ይዣለሁ። ግራ እጄ ላይ ግሉኮስ ተሰክቷል። ነጠላዬ ትከሻዬ ላይ ወድቋል። ልስበው ብል የምስብበት እጅ የለኝም።

አንዲት ፀጉሯ የነጣ ሴትዮ መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ በእግሬ በኩል ቁጭ አለች። ፊቷ ደግ ነው። ፈገግ አለችልኝ። እኔም ፈገግ አልኩላት፤ ምን ላድርግ? ካሜራው ያኔ ነው ቀጭ ያለው። ያ ፎቶ ዛሬም የሆነ ቦታ ይኖራል። የሚያየው ሰው ደስተኛ እናት ነው የሚያየው።

ከጎኔ የተኛችው ልጅ ዕድሜዋ ከ18 አይበልጥም። ሌሊት ልጇ ሞቶባታል። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። ከእንግዶቹ አንዷ አየቻትና "ሕፃኑ የት አለ?" ብላ ጠየቀች። አስተርጓሚው ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ጎንበስ ብሎ "ልጅሽ የት አለ? ይሉሻል" አላት።

አልመለሰችም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችው።

ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም። ይሄን ከልቤ ነው የምለው። ክፍሉ በእነሱ ብር ነው የታደሰው። ፍራሹ አዲስ ነበር፤ መጸዳጃ ቤቱ ውሃ ነበረው። ከእኔ ሦስት ዓመት ቀድማ እዚያው የወለደችው እህቴ መሬት ላይ ነበር የተኛችው። ስለዚህ "አይምጡ" ለማለት አፌ አይደፍርም። ግን ያንን አስተርጓሚ አራት ዓመት ሙሉ ስታዘበው ኖሬአለሁ። አሁን ቦታውን ልይዝ ነው።

እንግዶቹ የሚጠይቁትን ሁሉ ማስተርጎም አለብኝ? ፎቶውስ እንዴት ይሁን? ደግሞ ሁለት ሻንጣ ሙሉ መድኃኒትና አሻንጉሊት እናመጣለን ብለዋል፤ ይምጣ ወይስ ይቅር? እንዲህ ዓይነት ቦታ የሠራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።


ባለ ሚኒባሱ፦

እህቴ፣ እኔ ከ14 ዓመት በላይ እንግዳ ያመላለስኩ ሹፌር ነኝ። ስለ ሆስፒታሉ ሌሎች ይንገሩሽ። እኔ የማውቀውን ልበልሽ።

መድኃኒቱን ባሉበት ይተዉት። መድኃኒት ያለ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ በሻንጣ ተይዞ አይገባም። አንድ ጊዜ የጫንኳቸው ሰዎች ሻንጣቸው ቦሌ ተያዘባቸው። ሦስት ቀን ከቢሮ ቢሮ ሳመላልሳቸው የመጡበት ጉብኝት አለቀ። አንዷ ሴትዮ መኪናዬ ውስጥ አለቀሰች። ከአገሯ ፋርማሲ በራሷ ብር የገዛችው ነው። በመጨረሻ አንዱ ሐኪም ዝርዝሩን አይቶ "ይሄ እኛ ጋ ሞልቷል፤ ያጣነው ጓንትና ክር ነበር" አላቸው። ከመምጣታቸው በፊት አንድ ኢሜይል ቢጽፉ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

አሻንጉሊቱንም መንገድ ላይ እንዳይሰጡ። አንድ ልጅ ሲያገኝ ሃያው ይመጣል። መኪና ይከባሉ፣ ከጎማው ሥር ይገባሉ። ይሄ የደኅንነት ጉዳይ ነው።

ሌላው፣ ሰኞን አታጣቢባቸው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ እነሱ የሚመጡት ከባሕር ጠረፍ ነው። የመጀመሪያ ቀን ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። እሑድ ከገቡ ሰኞን ይረፉበት። የደከመ ሰው በሽተኛ ፊት ቆሞ ሰዓቱን ያያል፤ እሱ ደግሞ ያስቀይማል።


የልደታ ልጅ፦

እኔ ግን ጉብኝቱ ራሱ አይዋጥልኝም። እኛ አገር በሽተኛ ይጠየቃል እንጂ አይጎበኝም። ሙዚየም ነው የሚጎበኘው። ብር መስጠት ከፈለጉ ይላኩ። አሥራ ምናምን ሰዓት በርሮ መጥቶ የሰው ሕመም ማየት ለምን ያስፈልጋል? እህቴ፣ ያቺ ልጅ ፊቷን የሸፈነችው ስትጽፊው እኔንም አመመኝ። አስቢበት።


ጡረተኛዋ አዋላጅ፦

ልጄ፣ የጻፍሽውን ሁለቴ አነበብኩት። 31 ዓመት በአዋላጅ ነርስነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ፊስቱላ ሆስፒታል ተቀጥሬ አላውቅም። ግን ከገጠር ጤና ጣቢያ ብዙ ሴቶች ወደዚያ ልኬአለሁ። አንዳንዶቹን ራሴ ይዤ መጥቻለሁ።

የልደታው ልጅ "በሽተኛ ይጠየቃል" ያለው ልቤ ውስጥ ገባ። አይምጡ በሚለው ግን አልስማማም። ያ ሆስፒታል የቆመው በእንግዳ እጅ ነው። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ ከአውስትራሊያ የመጡት በ1959 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሊሠሩ፣ ለሦስት ዓመት ውል። በዚያው ቀሩ። በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታሉን ከፈቱ። ባልየው በ1993 ዐረፉ። እሳቸው እስከ 2020 ቆይተው በ96 ዓመታቸው እዚሁ አዲስ አበባ ዐረፉ። እስከ ዛሬ ከ60,000 በላይ ሴቶች ታክመውበታል። ታካሚዋ አምስት ሳንቲም አትከፍልም። ታዲያ የሚከፍለው ማነው? እነዚያ ኬክ የሚጋግሩት ሴቶች ናቸው። መጥተው ማየታቸው ነውር የለውም። አመጣጡ ላይ ነው ነገሩ።

እኛ በሽተኛ ስንጠይቅ ምን እናደርጋለን? ብርቱካን ቢጤ ይዘን እንገባለን። ጥቂት እንቀመጣለን። "እግዚአብሔር ይማርሽ" ብለን እንወጣለን። ሕመሟን ዘርዝሪልን አንልም። ቁስሏን ገልጠሽ አሳዪን አንልም። እንግዶችሽንም ይሄንኑ ልማድ አስተምሪያቸው። ለሴቶቹ ምን ዓይነት አክብሮት እንደሆነ ይገባቸዋል፤ እነሱም አያት ናቸው።

ፊስቱላ ምን እንደሆነ ማታ ሆቴላቸው ውስጥ አስረጃቸው። ታካሚዋ አልጋ ሥር ቆመሽ አይደለም። ምጥ ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይ የልጁ ራስ የእናቲቱን ሥጋ ከዳሌ አጥንቷ ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ደም ያልደረሰው ሥጋ ይሞታል። ከቀናት በኋላ በስቶ ሽንት ያለ ፈቃዷ ይፈሳል፤ አንዳንዷ ሰገራም አብሮ ያመልጣታል። የነርቭ ጉዳት ደርሶባት እግሯን የምትጎትትም አለች። ልጁ አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ነው የሚወለደው።

እዚህ ላይ ልብ በይልኝ ልጄ። ያቺ "ልጅሽ የት አለ?" የምትለው ጥያቄ አንቺ ከተኛሽበት ክፍል አንዲቱን ነው የወጋቻት። ፊስቱላ ክፍል ውስጥ ግን የሁሉም አልጋ ጥያቄ ናት። ስለዚህ "ስንት ልጅ አለሽ?" የሚለውን ተራ የጨዋታ መክፈቻ እንኳ ሆቴል ጥለውት ይምጡ። "ባልሽስ?" የሚለውንም እንደዚሁ። ብዙዎቹን ባላቸው ትቷቸዋል።

አስተርጉሚ ስለተባልሽ ሁሉን ማስተርጎም የለብሽም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ወደ ታካሚዋ ሳትዞሪ ለእንግዳዋ "ይሄን በኋላ ነርሷን እንጠይቃታለን" በያት። ደግሞ ታካሚዎቹ ሁሉ አማርኛ ይናገራሉ ብለሽ አትሂጂ። ኦሮምኛ ብቻ የምታውቅ አለች፣ ሲዳምኛ ብቻ የምታውቅ አለች። አልጋ ዳር የሚያስተረጉሙት እዚያ የሚሠሩት ናቸው። ቋንቋዋን ብቻ ሳይሆን ዛሬ እንዴት እንዳደረች ያውቃሉ።

ፎቶ። የእኛ ትልቁ ችግር ይሉኝታ ነው። በነፃ ያከሟት ሴት፣ እንግዳ ፊቷ ቆሞ፣ ሐኪሟ እያየ "ላንሣሽ?" ብትያት እምቢ አትልም። አንቺም ፈገግ ብለሻል። ያ አዎንታ አይደለም። ጨርሶ ባይነሣ እመርጣለሁ። የግድ ከሆነ ሆስፒታሉ ከቀን በፊት፣ እንግዶቹ በሌሉበት፣ በቋንቋዋ ይጠይቃት። ዝም ካለች እምቢ ማለቷ ነው። ይሄን ለእንግዶችሽ ስትነግሪ ይሉኝታ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ለመተካት አትድከሚ። የራስሽን ታሪክ ንገሪያቸው።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ። በወጣትነቴ አንዲት ልጅ ከጤና ጣቢያችን ይዤ በአውቶቡስ መጣሁ። ፕላስቲክ አንጥፌላት ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥን። መንገድ እንደጀመርን ሰው መስኮት መክፈት ጀመረ። ረዳቱ መጥቶ "ትውረድ" አለኝ። ትከራከሪያለሽ፣ ትለምኛለሽ። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው "እኔ ከጎኗ እቀመጣለሁ" ባይሉ ኖሮ መንገድ ላይ ይጥሉን ነበር። ልጅቷ ስምንት ሰዓት ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረችም። ውሃም አልጠጣችም። ውሃ ካልጠጣች የሚፈሰው የሚቀንስ መስሏታል።

ከወራት በኋላ ልሸኛት መርካቶ አውቶቡስ ተራ ሄድኩ። እዚያ ሆስፒታል ድና የምትወጣ ሴት አዲስ ቀሚስና የመሳፈሪያ ይሰጣታል። ቀሚሱን ለብሳ መጣች። አውቶቡሱ ውስጥ ገብታ ከሹፌሩ ኋላ ያለው የመጀመሪያው ወንበር ላይ ተቀመጠች። እኔም በመስኮት በኩል ኮካ ገዝቼ አቀበልኳት። አንድ ጊዜ ጨለጠችው።

እንግዶችሽ አልጋውን ብቻ አይተው እንዳይመለሱ። ስለ አዋላጆቹ ኮሌጅ ይጠይቁ። በ2007 እ.ኤ.አ. ነው የተከፈተው። ከገጠር ልጆች ወስዶ አስተምሮ ወደ ገጠር ይመልሳቸዋል። ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ ይርጋለም፣ ሐረርና መቱ ስላሉት ሕክምና ማዕከላትም ይጠይቁ። ስለ ማሚቱ ጋሼ ይጠይቁ፤ ታካሚ ሆና ገብታ ቀዶ ጥገና አድራጊ የሆነችው። አንዲት አዋላጅ ምጡ እንደተያዘ በጊዜ ካወቀች፣ ለኦፕራሲዮንም በጊዜ ከላከቻት፣ ፊስቱላ አይመጣም። እኔ 31 ዓመት ሙሉ ስሮጥ የኖርኩት ለዚያች ሰዓት ነው።


የአራት ኪሎዋ፦

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሱቅ ውስጥ ሆኜ ነው ያነበብኩት፤ ደንበኛ ፊት እንባዬ መጣ። ስለ ልጅ መጠየቁ እዚያ ክፍል ውስጥ ለሁሉም መሆኑን አላሰብኩትም ነበር። እርስዎ ባይነግሩኝ የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ይሆን ነበር።


ከመጠለያ ቤት፦

እህት፣ እኔ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች መጠለያ ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። የሰኞ ከሰዓቱን ሰርዢው። እባክሽ አታሸጋሽጊው፤ ሰርዢው።

የመጠለያ ቤት አድራሻ ሚስጥር ነው። ምልክት የለውም፤ በሩ እንደማንኛውም የሰፈር ግቢ በር ነው። ምክንያቱም ባልየው ይፈልጋታል። አባት ይፈልጋል። አንዳንዴ አሠሪ። እኛ ጋ አንድ ጊዜ የመጣች እንግዳ ሴቶቹን አላነሣችም፤ ጎበዝ፣ ተጠንቅቃለች። ግቢውን ብቻ ነው ያነሣችው፣ የተሰጣ ልብስና አበባ። ማታ ፌስቡክ ላይ ለቀቀችው። ከልብሱ ኋላ አንድ በግንባታ ላይ ያለ ሕንፃ ይታይ ነበር። የሰፈሩ ሰው ሕንፃውን ያውቀዋል። በዚያው ሌሊት ሴቶቹን ከነልጆቻቸው ወደ ሌላ ቤት አዛወርናቸው። አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ፍራሽ ተሸክማ መኪና ውስጥ ስትገባ "አባዬ መጣ?" ብላ ጠየቀችኝ።

እንግዶችሽ የምር ማወቅ ከፈለጉ ከመጠለያዎቹ ጋር የሚሠሩትን ማኅበራት ቢሮ ሄደው ያናግሩ። እንደ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ያሉትን። መቼም የውጭ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። በእኛ አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሴቶች መብት ሥራ እንዳይሳተፍ ከልክሎ ነበር። ለተደበደበች ሴት ምግብና ፍራሽ በውጭ ብር መስጠት ይቻል ነበር። ጠበቃ አቁሞ መብቷን ማስከበር ግን የተከለከለው ውስጥ ነበር። ሕግ ባለሙያዎቹ ማኅበር ያኔ ሠራተኛ ቀንሶ፣ ሥራውን አጥቦ ነው ያለፈው። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 መጥቶ ነው ያ የተነሣው። አሥር ዓመት። በዚያ አሥር ዓመት ፍርድ ቤት ብቻዋን የቆመች ሴት ስንት ናት?

ሌላው ደግሞ ለጋሾች የሚወዱት ነገር አለ፤ የልብስ ስፌት መኪና፣ ቀለም የተቀባ ክፍል፣ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ። የማይወዱት ደግሞ የቤት ኪራይ፣ የዘበኛ ደመወዝ፣ ሌሊት ወደ ሆስፒታል የሚወስድ ታክሲ፣ ሞዴስ ነው። እኛን ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣን ሁለተኛው ነው። ኪራይ ሲጨምር ባለ ስፌት መኪናው ክፍል ባዶውን ይቀራል። "ምን እናምጣ?" ሲሉሽ ይሄን ንገሪያቸው። ደፍረሽ ንገሪያቸው።


ባለ ሚኒባሱ፦

እህቴ፣ ስለ ሽሮ ሜዳውም ሳልነግርሽ። እዚያ አካባቢ ወደ እንጦጦ መውጫው ላይ ድሮ ከጋራው ባሕር ዛፍ በጀርባቸው ተሸክመው ይወርዱ የነበሩ ሴቶች ሽመና ተምረው ነጠላና ስካርፍ ይሸጣሉ። ያንን ሸክም ቁልቁለት ላይ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ከሴትዮዋ እግር በስተቀር የሚታይ ነገር የለም። ሽመና ደግሞ በእኛ የወንድ ሥራ ነበር። ስለዚህ እንግዶችሽ እዚያ ፎቶ ከማንሣት በፊት ዕቃ ይግዙ። ዋጋ እንዳይከራከሩ። አስጎብኚዎች "ቀንሱላቸው" የሚሉትን አልወድም። ቅናሹ የሚወጣው ከሴትዮዋ ጉሮሮ ነው።


የተክለ ሃይማኖቷ፦

ሰላም። የምጽፈው ለእናቴ ነው፤ አጠገቤ ቁጭ ብላለች። እያነበብኩላት ነበርና "እኔም ልበል" አለችኝ።

እማዬ ከዛሬ 22 ዓመት በፊት እዚያ ታክማለች። የመጣችው ከወሎ ነው። ከዳነች በኋላ አዲስ አበባ ቀረች፤ እንጀራ እየጋገረች አሳደገችኝ። እኔ በኦፕራሲዮን ነው የተወለድኩት። ፊስቱላ ታክሞ የዳነ ሰው ሌላ ጊዜ ሲወልድ በኦፕራሲዮን መሆን አለበት ብለው ነግረዋት ስለነበር፣ ገና ሆዷ ሳይገፋ ነው ክትትል የጀመረችው። አሁን 20 ዓመቴ ነው።

እንዲህ ትላለች፦ "ሰዎቹ ይምጡ። እኔ ስታከም ነጭ ሰዎች ሲመጡ አፍሬ አላውቅም። ያፈርኩት አገሬ ነው። እኔ የከፋኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። የሽንት ቱቦው ገና አልወጣም፣ ባልዲው ከአልጋዬ ሥር ነው። የመጣችው ልጅ ባልዲውን አየችና ዓይኗን ቶሎ አነሣች። ዓይን ቶሎ ሲነሣ ያማል። ቀስ ብለው ይዩ፤ ፊት ፊታችንን ይዩ።"

ደግሞ ስለ ብርድ ልብሱ ንገሪያት አለች። እማዬ ስትወጣ አንድ ብርድ ልብስ ይዛ ወጥታለች፤ ቁራጭ በቁራጭ የተሰፋ። እስከ ዛሬ አለ። እኔ ሕፃን ሆኜ የታዘልኩት በእሱ ነው። ሁሉም ቁራጭ እኩል ነው፣ ሥራው ቀጥ ያለ። ከታች በኩል ጥጉ ላይ ያለችው አረንጓዴ ግን ታንሳለች። አንድ ጎኗ ተንሻፍፏል፣ መሐሏ ላይ ትልቅ ቋጠሮ አለ። እማዬ ሆስፒታል ተኝታ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲላት ያቺን ቋጠሮ በጣቷ ስትነካ ታድር ነበር። "ይቺን የሠራችው ትንሽ ልጅ ናት" ትል ነበር ለራሷ። የሞተባት ልጅ ሴት ነበረች።

ሴቶቹን እንድትጠይቂላት ትፈልጋለች። ልጆችም አብረዋቸው ይሠራሉ ወይ? ይሄን ብቻ ነው።


የአራት ኪሎዋ፦

ትናንት ማታ ከአክስቴ ልጅ ጋር አንድ ሰዓት ተኩል አወራን። የጻፋችሁትን አንድ በአንድ አነበብኩላት። መጀመሪያ ትንሽ ተከፋች፤ "እነሱ እኮ ጥሩ ሰዎች ናቸው" አለች። የራሴን የወሊድ ታሪክ ስነግራት ዝም አለች። ለእሷም ነግሬአት አላውቅም ነበር።

መጠለያ ቤቱ ተሰርዟል። የማኅበር ቢሮ ሄደው ያናግራሉ፤ የኪራዩንና የዘበኛውን ነገር ጽፌ ልኬላታለሁ። መድኃኒቱ ቀርቷል። የሚያስፈልገውን ሆስፒታሉን በኢሜይል ጠይቃ በዚያው ልክ ሊከፍሉ ነው። ሰኞ ዕረፍት፣ ማክሰኞ ሆስፒታል፣ ረቡዕ ሽሮ ሜዳ። ካሜራና ስልክ ማክሰኞ ሆቴል ይቀራል። አንዷ ሴትዮ "ታዲያ ገብተን ምን እናደርጋለን?" ብላ ጠይቃለች አሉ። "እግዚአብሔር ይማርሽ" የሚለውን በድምፅ ቀድቼ ላክሁላቸው። ሰባቱም እየተለማመዱ ነው። "ይማርሽ" ላይ ያለችው ሽ አላስቸገረቻቸውም፤ "እግዚአብሔር" ነው ያስቸገራቸው። የኦሮምኛውን ጎረቤቴ ሊያስተምረኝ ነው፤ ሲስተር፣ ሲዳምኛ የሚችል ሰው ካወቁ ያገናኙኝ።

እትዬን የተክለ ሃይማኖቷን፣ እናትሽን ማለቴ ነው፣ ጥያቄያቸውን አድርሻለሁ። የአክስቴ ልጅ እንዳለችው ከሰባቱ ሦስቱ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ነው የሚሠሩት። ልጆቹ ሹራብ መሥራት የሚማሩት በዚያች ቁራጭ ነው። ግን የዛሬ 22 ዓመት የነበረውን ማን ያውቃል፤ የምታስታውስ ካለች ልጠይቅ አለች። የቁራጯን ፎቶ ላኪልኝ ብላለች። የእናትሽን ሳይሆን የቁራጯን ብቻ።


የተክለ ሃይማኖቷ፦

እሺ። እማዬ ብርድ ልብሱን ዛሬ አጥባ አስጥታዋለች፤ "በቆሻሻው አይላክም" ብላ። ገና እርጥብ ነው። ነገ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ አነሣዋለሁ።